መግሪብ የሌለው ጾም፦ ሲጋራ ያቆምንበት የመጀመሪያ ቀን



በረመዷን የመግሪብ አዛን ሊባል አምስት ደቂቃ ሲቀረው አሶሳ ውስጥ በአንዱ መስጂድ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ወጣት ያያል። አንዱ ተምሩን በእጁ ይዞ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ጥሏል። ሌላውም በቀኝ እጁ ተምር ይዟል፤ ግራ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለችው አንዲት ፍሬ ሲጋራ እንዳትሰበርበት እየጠበቃት ነው። አዛኑ ሲሰማ ተምሯን ዋጥ፣ ውኃዋን ጎንጨት ያደርግና ወደ ግንቡ ጀርባ ይሄዳል። ኢማሙ ፋቲሓን ጨርሰው ሱራ ሲጀምሩ እየሮጠ መጥቶ መጨረሻው ሶፍ ላይ ይቆማል። አጠገቡ ያለው ሰው ፊቱን ትንሽ ዞር ያደርጋል፤ ጠረኑን ሽሽት።

ይህን ልጅ እናውቀዋለን። እኛ ነበርን።

እኛ አሶሳ አብረን ያደግን ጥቂት ጓደኛሞች ነን። አንዳንዶቻችን ሁለተኛ ደረጃ እያለን፣ አንዳንዶቻችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ፣ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ቬፕ ይዞ ሲመለስ ነው የጀመርነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ ዑለማም አይደለንም። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሲጋራ ጉዳት አይደለም። እሱን ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ይነግራችኋል። የምንጽፈው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስለ መጀመሪያው ቀን። ምክንያቱም ብዙዎቻችን የወደቅነው እዚያ ላይ ነው። ከወደቅን በኋላም ዓመት ሙሉ ለመነሳት ያልሞከርነው ያንን ቀን ፈርተን ነው።

◆ ረመዷን የሚመሰክርብን ነገር

«እኔ ሲጋራ ማቆም አልችልም» የሚል ሙስሊም አጫሽ በየዓመቱ 29 ወይም 30 ቀን ራሱን ያስተባብላል። በሀገራችን ጾም ከፈጅር እስከ መግሪብ ከ13 ሰዓት በላይ ነው። ማጨስ ጾምን ያፈርሳል። ስለዚህ በሌላው ቀን ከእንቅልፉ ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ የሚለኩሰው ልጅ፣ በረመዷን ከ13 ሰዓት በላይ አንድም ሳይስብ ይውላል። ባጃጅ እየነዳ ይውላል፤ ፀሐይ ላይ ብሎኬት እየተሸከመ ይውላል፤ ፈተና እየተፈተነ ይውላል። ማንም ፖሊስ አልቆመበትም። ሽንት ቤት ገብቶ ቢያጨስ የሚያየው ሰው የለም። ግን አያጨስም።

እንዴት ቻለ? ሰውነቱ ስላልጠየቀው አይደለም። የረመዷን የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስታውሱ። ራስ ምታቱ፣ በትንሽ ነገር መቆጣቱ፣ ከሰዓት በኋላ ዓይን ማፍጠጡ ሁሉ ረሃብ ብቻ አልነበረም። ከፊሉ የቡና ሐራራ ነው፤ ከፊሉ የሲጋራ ሐራራ ነው። የቻለው ጥያቄው ስለተዘጋ ነው። ሌሊት ሱሁር በልቶ ነየተ። ከዚያ በኋላ «ላጭስ ወይስ ልተው?» የሚል ክርክር ልቡ ውስጥ አልተካሄደም። በተራው ቀን «ዛሬ ትንሽ ልቀንስ» ብሎ የወጣ ሰው ግን ያንን ክርክር በቀን ሃያ ጊዜ ይከራከራል። ሃያ ጊዜ የሚከራከር ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ቢሸነፍ ይበቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ማለት ይኼው ነው፤ የምናውቀው የረመዷን ቀን ነው። አዲስ የሚሆነው መግሪብ ሲደርስ ነው። ምግቡ ይፈቀዳል፣ ውኃው ይፈቀዳል፣ ሲጋራው ግን አይፈቀድም። የሲጋራ ጾም መግሪብ የለውም። እኛ የወደቅነው ቀን ላይ አልነበረም። ሁላችንም ማለት ይቻላል የወደቅነው ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀኑን በጀግንነት ውለን ማታውን ሳንዘጋጅበት ገባንበት።

◆ በዚያ ቀን ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ይህን ማወቅ ጠቅሞናል፤ ምክንያቱም የሚደርስብንን ሳናውቅ «አሞኛል፣ ላብድ ነው» ብለን ሮጠን ሱቅ ሄደናል።

ኒኮቲን ከደም ውስጥ ቶሎ ይወጣል። በሁለት ሰዓት ገደማ ግማሹ ይቀንሳል። አጫሽ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ እጁ ወደ ኪሱ የሚሄደው ለዚህ ነው። የመጨረሻውን ሲጋራ ካጠፋን 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ የልብ ምትና የደም ግፊት መውረድ ይጀምራል። 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላ ደማችን ውስጥ በጭስ ምክንያት የተጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ወደ ጤነኛ መጠኑ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ ጾመኛ አጫሽ በየቀኑ መግሪብ ሲደርስ ደሙ ከዚህ ጋዝ ጸድቶለት ነበር። ከዚያ ተምሯን ውጦ መልሶ ያስገባዋል። በወር ሠላሳ ጊዜ ቤቱን ጠርጎ ሠላሳ ጊዜ ቆሻሻ እንደሚደፋበት ሰው ነበርን።

ሐራራው ምን ይመስላል? ብስጭት፣ ሐሳብ መበታተን፣ ጭንቀት፣ ራስ ምታት፣ ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዱን ደግሞ የሆድ ድርቀት። ከበድ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ከዚያ እየላላ ሄዶ በአብዛኛው ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበርዳል። እንደ ጎርፍ ሙሉ ቀን አይወርድም፤ እየመጣ የሚሄድ ነገር ነው። ድንገት ይነሳል፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያስጨንቃል፣ ከዚያ ይሄዳል። ብታጨሱም ይሄዳል፣ ባታጨሱም ይሄዳል። እኛ ለዓመታት ሲጋራው ያስወገደልን ይመስለን ነበር።

ቬፕ የሚጠቀሙ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ይጨምርባቸዋል። ሲጋራ ቢያንስ ማለቂያ አለው፤ ተቃጥሎ ያልቃል። ቬፕ ማለቂያ የለውም። አልጋ ላይ፣ ሽንት ቤት፣ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይሳባል። ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደሚስብ የሚያውቅ የለም። «ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነው» መባሉ ሱሱን አይቀንሰውም። አብዛኛው ፈሳሽ ኒኮቲን አለበት፤ ሱስ የሚያስይዘውም እሱ ነው። ሐራራው ያው ነው፤ የመጀመሪያው ቀንም ያው ነው።

◆ ቀኑን እንዴት ዋልነው? ማታውንስ?

አንደኛ፤ ኒያው ሌሊት ይሁን። ነገ እናቆማለን ብለን ሳይሆን «ከፈጅር ጀምሮ ቆሟል» ብለን ነየትን። አንዳንዶቻችን ቀኑን ሰኞ ወይም ሐሙስ አድርገን የሱና ጾም ጾምንበት። ቀኑ ግማሽ መንገድ ያግዛል። ጾም ግዴታ አይደለም፤ የታመመ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ሳትጾምም ታቆማለች። ዋናው ውሳኔው ከጎህ በፊት መዘጋቱ ነው።

ሁለተኛ፤ ቤት ውስጥ ምንም አይቅር። ስለዚህ ነገር ስናስብ ሁሌ የሚታወሰን የመዲና ታሪክ ነው። አስካሪ መጠጥ ክልክል መሆኑ ሲታወጅ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በአቡ ጠልሓ (ረ.ዐ) ቤት እንግዶችን እያስተናገዱ ነበር። የጥሪውን ድምፅ ሲሰሙ አቡ ጠልሓ ወጥቶ እንዲደፋው አዘዟቸው። በዚያ ቀን መጠጡ በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። «ይቺን ማሰሮ ለክፉ ቀን እናስቀምጣት» አላሉም። እኛ ግን ስናቆም አንዷን ፍሬ መጽሐፍ ውስጥ ደብቀን ነበር፤ «ብቻ እንዳለች ልወቅ» በሚል። ያቺ ፍሬ ቀኑን ሙሉ ስትጠራን ዋለች። ስለዚህ ሲጋራውን ብቻ ሳይሆን ላይተሩን፣ መተርኮሻውን፣ የቬፑን ቻርጀር ሁሉ ጣሉ። ጃኬቱንም እጠቡት፤ ጠረኑ ራሱ ይጠራል።

ሦስተኛ፤ እጅና አፍ ሥራ ይፈልጋሉ። ብዙ ዓመት እጃችን ወደ አፋችን መሄድ ለምዷል። ለዚህ ከሲዋክ የተሻለ አላገኘንም። ኪሳችን ውስጥ ሲጋራው በነበረበት ቦታ መፋቂያ አስቀመጥን። ሐራራው ሲነሳ ያንን አወጣን። ሱናም ነው፣ ጥርስም ያጸዳል፣ አምስቷን ደቂቃም ያሳልፋል። ጾመኛ ላልሆነ ሰው ውኃ፣ ኦቾሎኒ፣ ሸንኮራ አገዳ ጥሩ ነው። በማንጎው ወቅት ያቆመው ጓደኛችን ደግሞ ማንጎ እየበላ ነው ያቆምኩት ይላል። በአሶሳ ማንጎ አይፈረድበትም።

አራተኛ፤ ቡናውን በግማሽ ቀንሱ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ሰውነታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራ ስናቆም ካፌይኑ ደማችን ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ድሮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ምንም የማይሆን ሰው አሁን በዚያው ሦስት ሲኒ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከዚያ «ሲጋራ በማቆሜ ነው የታመምኩት» ይላል። ሲጋራው አይደለም፤ ቡናው ነው። ሙሉ በሙሉ አትተዉት፤ የሁለት ሱስ ሐራራ በአንድ ቀን ከባድ ነው። ግማሽ ይበቃል።

አምስተኛ፤ ጫት። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን ሲጋራ የለመድነው በርጫ ላይ ነው። «ያለ ሲጋራ ምርቃና የለም» እየተባለ ነው የመጀመሪያዋን የተቀበልነው። በመጀመሪያው ቀን ጫት ቤት ገብቶ ሲጋራ አለማጨስ ማለት ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አለመርጠብ ማለት ነው። ስለ ጫት ያላችሁ አቋም ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ቀን አትሂዱ። በዚያ ሳምንትም አትሂዱ። ሺሻ ቤቱም እንደዚያው፤ «ሲጋራ አይደለም» ብሎ ሺሻ መሳብ በአንድ በር የወጣውን ኒኮቲን በሌላ በር ማስገባት ነው።

ስድስተኛ፤ ማታው። ዋናው ይህ ነው። ከመግሪብ እስከ እንቅልፍ ያለውን እያንዳንዱን ሰዓት ቀን ላይ ሆናችሁ ደልድሉት። እኛ እንዲህ አደረግን፦ መግሪብን በጀመዓ፤ ከሶላት በኋላ ወዲያው አለመውጣት፤ መስጂዱ ውስጥ ሆኖ እስከ ኢሻ ቁርኣን መቅራት ወይም መስማት። እራትን ብቻችንን ሳይሆን ከቤተሰብ ጋር፤ እራት እንዳለቀ ያችን «የምግብ ላይ ሲጋራ» ሳትጠራን ተነስተን አፍ መጉመጥመጥና ጥርስ መፋቅ። ከዚያ ከማያጨስ ጓደኛ ጋር አንድ ዙር በእግር መሄድ። ከዚያ በጊዜ መተኛት። እንቅልፍ እምቢ ቢል እንኳ ተጋድሞ ዚክር ማድረግ። አራት ሰዓት ላይ «ትንሽ አየር ልቀበል» ብሎ መውጣት የለም። እኛን የጣለን ያ አየር ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ለከበደው ሰው ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም። ሐራራውን የሚያስታግሱ የኒኮቲን ማስቲካ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርና ሌሎች መድኃኒቶች በዓለም ላይ አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በየከተማችን ፋርማሲ ላይገኙ ይችላሉ፤ መጠየቅ ግን አይጎዳም። የልብ፣ የአስም ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከማቆሙ በፊት ሐኪሙን ይንገር፤ አንዳንድ መድኃኒት መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

◆ የገነተ ማርያሙ ባለ ሱቅ

ከመካከላችን አንዱ ለሥራ ገነተ ማርያም ይኖር ነበር። ትንሽ ከተማ ነች፤ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ትንሽ ከተማ ለአጫሽ አስቸጋሪ ነው። ባለ ሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየው ሳይጠይቅ የለመዳትን ሲጋራ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥለታል። «አይ፣ ዛሬ አልፈልግም» ማለት እንኳ ያሳፍር ነበር ይለናል።

ሊያቆም የወሰነ ዕለት ማታ ሄዶ ለባለ ሱቁ ነገረው፦ «ከነገ ጀምሮ ብመጣ እንዳትሰጠኝ። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።» ባለ ሱቁ ክርስቲያን ነው። ሳቀና «የሚገዛኝን ደንበኛ ላባርር ነው?» አለው። በማግስቱ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድማችን አልቻለም፤ ሄደ። ባለ ሱቁ እጁን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ «አልሸጥልህም። ጾም ላይ ነኝ አላልከኝም?» አለው። ተቆጣው። ለመነው። «ነገ ጠዋት ና፤ ነገ ከፈለግክ እሸጥልሃለሁ፤ ዛሬ ግን ቃል ገብቼልሃለሁ» አለው፤ ሻይ ቀድቶም አስቀመጠው። ነገ ጠዋት ወንድማችን አልሄደም።

ይህን የምንነግራችሁ ታሪኩ ስለሚያምር አይደለም። ሐራራ የአምስትና የአሥር ደቂቃ ነገር ነው አላልንም? ባለ ሱቁ የሰጠው እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ነው። እያንዳንዳችን በዚያ ማታ አሥር ደቂቃ የሚያቆየን አንድ ሰው ያስፈልገናል። ስለዚህ ከማቆማችሁ በፊት ለአንድ ሰው ንገሩ። ለእናታችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለኢማሙ፣ ለባለ ሱቁም ቢሆን።

◆ የኛ ጥፋት

አሁን የምንጽፈው የሚከብደን ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ ከሁላችንም ቀድሞ ሞክሮ ነበር። ቀኑን ጾሞ ዋለ፤ አፈጠረ፤ ኢሻንም ሰገደ። ከዚያ እኛ ወዳለንበት መጣ። እኛ እያጨስን ነበር። ትንሽ ተቀመጠና አንዱን «አንድ አስይዘኝ» አለው። ሳቅን። «ሸኹ ተውበታቸውን አፈረሱ!» ያለውም ነበር። እሱም አብሮን ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አላየነውም። ከኛ ብቻ ሳይሆን ከመስጂድም ራቀ። አንድ ቀን አግኝተን ስንጠይቀው «ሲጋራውን ማጨሴ አይደለም ያራቀኝ፤ እናንተ ፊት የምቆምበት ፊት አጣሁ» አለን። ያን ቀን ነው የሁላችንም ጉዳይ የተጀመረው። አሁን እሱ ሦስተኛ ሙከራው ላይ ነው፤ በዚህኛው አብረነው ነን፤ አልሐምዱሊላህ ማታ ማታ በስልክ የሚያስታውሰን እሱ ነው።

ስለዚህ አቋማችንን በግልጽ እንናገር። በማኅበረሰባችን ውስጥ ስለ ሲጋራ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ማላገጥ ወይ ማውገዝ። ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ1000 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ስለሆነ የዚያ ዘመን ዑለማ ተለያይተውበት ነበር፤ ሐራም ያሉ፣ መክሩህ ያሉ፣ የፈቀዱም ነበሩ። ጉዳቱ በሕክምና ከተረጋገጠ በኋላ ግን የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ዑለማና የፈትዋ ተቋማት ሐራም ነው ብለዋል። በሱረቱል በቀራህ 195ኛው አንቀጽ አላህ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን አጫሹ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግንቡ ጀርባ የሚሄደው ስለሚያውቅ ነው። «ሐራም ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ከግንቡ ጀርባ አያወጣውም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ከመስጂዱ ያስወጣዋል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በጠረኑ ሌሎችን እንዳያስቸግር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መምከራቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ የምንማረው ልጁን ማባረርን ሳይሆን ጠረኑን የሚተውበትን መንገድ ማገዝን ነው።

ሊያቆም የሞከረና የወደቀ ሰው ዜሮ ላይ አይደለም። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው በፊት ብዙ ጊዜ ይሞክራል። አንድ ቀን የቻለ ሰው አንድ ቀን ችሏል። የሚቀረው የወደቀበትን ሰዓት ለይቶ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ሰዓት መሙላት ነው። ላገጣችን ግን ያንን ሁለተኛ ሙከራ ይገድለዋል።

◆ ሐራራችንን የገዛው ማን ነው?

አንድ ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ሲጋራው ያማረን ጊዜ ንዴት እንኳ ይረዳል። አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመንግሥት የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2017 ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። በድምሩ 944 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ግን እናስብበት። አንድ ኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ዛሬ ለሚያጨሱት አዛውንቶች ብሎ ነው? የወደፊቱ ገበያ የት እንዳለ ያውቃል። ወጣት የበዛበት ሀገር ነን። ነገ የምንለኩሳት ሲጋራ አስቀድማ ተሰልታለች።

ሀገራችን በበኩሏ ጠንካራ ሕግ አውጥታለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል፤ የሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭም ከልክሏል። ሕጉ ግን በየሱቃችን ባንኮኒ ላይ ካልሠራ ወረቀት ነው። ሱቅ ያላችሁ ሙስሊም ወንድሞች፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ አንድ ፍሬ ስትሸጡ የምታገኙትን ሳንቲም አስቡትና የገነተ ማርያሙን ባለ ሱቅ አስታውሱ። እሱ ሽያጩን ትቶ ሻይ ቀዳ።

ወላጆችም ልጃችሁን ይዛችሁት ከሆነ ከመምታታችሁ በፊት ጠይቁት፦ «መተው ትፈልጋለህ?» ካለ፣ የመጀመሪያውን ማታ አብራችሁት አምሹ። በክልላችን ገጠር አያቶቻችን በጋያ ሲያጨሱ ያየ ልጅ «እነሱም ያጨሳሉ» ይላችሁ ይሆናል። መልሱ ቁጣ አይደለም። አያቱ ያልነበራቸው ዕውቀት እሱ አለው።

ኢማሞቻችንና የመስጂድ ጀመዓዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በወር አንድ ሐሙስ፣ ከመግሪብ እስከ ኢሻ፣ የሚያቆሙ ልጆች የሚቀመጡበት ማዕዘን ይኑር። ትምህርት አያስፈልግም፤ ስም ዝርዝር አያስፈልግም። ተምር፣ ውኃ፣ ጥቂት መፋቂያና የማይሳለቅ ሰው ይበቃል። የሚያስፈልገን ያንን ሰዓት ማሻገር ነው።

◆ ዛሬ ማታ

ይህን እያነበባችሁ እጃችሁ ላይ ሲጋራ ወይም ቬፕ ሊኖር ይችላል። አንጠይቃችሁም። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ዕድሜ ልክ ልናቆም ነው ብላችሁ አትማሉ፤ ዕድሜ ልክ ትልቅ ሸክም ነው፤ ያስፈራል። ለነገ ብቻ ነይቱ። ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለውን ስንት ረመዷን አልፋችሁበታል፤ እሱን አትፍሩት። ከመግሪብ እስከ እንቅልፍ ያለውን አሁኑኑ ደልድሉት፤ የምትደውሉለትን ሰው አሁኑኑ ምረጡ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ስትነሱ ከኋላችሁ 24 ሰዓት ይኖራል፤ ሐራራውም ሁለት ሦስት ቀን ይገፋል እንጂ ከዚያ ወደ ታች ነው። ያኔ ደግሞ ለዚያ ቀን ብቻ ትነይታላችሁ።

የሚቀጥለው ረመዷን ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁለቱም እጆቻችን ውጭ ይሆናሉ። አንዱ ተምር ይዞ፣ ሌላው ለዱዓ ተዘርግቶ።

አላህ ለሞከረው ያግራለት፤ ለወደቀው መነሻ ይስጠው፤ እኛንም በወንድማችን ድካም ከመሳቅ ይጠብቀን። ኣሚን።